ቀብር ያልሄደች ሴት

አክስቴ እታፈራሁ ከእናቴ እጅ የወተቱን ኩባያ ነጥቃ መሬት ላይ ስትደፋው በዓይኔ አይቻለሁ። እናቴ እርጉዝ ነበረች። ወተቱ አቧራው ላይ ትንሽ ቆመ፣ ከዚያ ሰረገ፣ ዶሮዎቹም ተሯሩጠው መጡ። ለእርጉዝ ሴት ወተት የሚነፍግ ምን ዓይነት ሰው ነው? በስምንት ዓመቴ መልሱን አውቀው ነበር። ካደግሁም በኋላ ብዙ ጊዜ በዚያው መልስ ኖርኩ።

ነገሩ የሚጀምረው ግን ከወተቱ ሳይሆን ከጉድጓዱ ነው።

ቤታችን መርሳ ከከተማው ዝቅ ብሎ፣ ወደ ወንዙ ሲወረድ ነው። አባቴ ወርቁ ሁለት የፈረንጅ ዲቃላ ላሞች ነበሩት፤ ቦራና ዳማ። ወተታቸው በሚኒባስ ወልድያ ድረስ ይሄድ ነበር፤ እኛን ያበላንና ያለበሰን እሱ ነው። በጋ ሲገባ ግን ሳሩ ይደርቅና ላሞቹ ጭድ ያመነዥጋሉ፣ ወተቱ ይነጥፋል፣ የአባቴም ፊት አብሮ ይከስማል። በጋ ቁጣው የሚበዛበት ወቅት መሆኑን እኔና እናቴ ጠንቅቀን እናውቅ ነበር።

እታፈራሁ የአባቴ ታላቅ እህት ናት። ባሏ ሲሞትባት፣ ልጅ ስላልነበራት፣ ወንድሟ ቤት ገባች። ረጅም፣ አጥንቷ የወጣ፣ ስትናገር የማታለዝብ ሴት ነበረች። ላሞቹን የምታልበው እሷ ናት። ስለማትስቅልኝ ትጠላኛለች ብዬ አስብ ነበር። ጸጉሬን የምትሠራኝም እሷ ነበረች፤ እያመመኝ።

የዚያን ዓመት ክረምቱ ሲወጣ ሂሻም የሚባል የግብርና ባለሙያ በሞተር ብስክሌት እየመጣ አባቴን ስለ ገፈራ ያስረዳው ጀመር። ማሽላው ፍሬው ሳይደርቅ፣ አገዳው እርጥብ ሳለ ይታጨዳል፤ ተከትክቶ ጉድጓድ ውስጥ ይገባል፤ ከስኳር ፋብሪካ የሚመጣ ሞላሰስ ይረጭበታል፤ እንዳይላወስ ሆኖ ይረገጣል። ከዚያ በላስቲክ ተሸፍኖ አፈር ይጫንበታል። በጋ ላይ ሲከፈት ላሞቹ የክረምት ሳር ያገኙ ያህል ይበላሉ።

«እንደ ሊጥ ይቦካል እንጂ አይበሰብስም» አለ ሂሻም። «ጠላቱ አየር ነው። ከጀመራችሁ ሳትዘጉት እንዳትነሱ።»

ይህን ሲል አባቴም፣ እናቴም፣ እታፈራሁም ቆመው ይሰሙ ነበር። አልነገረንም የሚል የለም። እኔ የገባኝ ግን እዚያ ውስጥ መተንፈስ የተከለከለ ነገር እንደሚቀመጥ ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ በጉድጓዱ አጠገብ ሳልፍ ትንፋሼን እይዝ ነበር።

የሚሞላበት ቀን ሲደርስ ጅጌ ተጠራ፤ ጎረቤቱ ሁሉ ሊያግዝ መጣ። ወንዶቹ በገጀራ ይከተክታሉ፣ ሴቶቹ በጆንያ ያመላልሳሉ፣ ጉልበት ያላቸው ጉድጓዱ ውስጥ ገብተው እየዘፈኑ ይረግጣሉ። ግቢው ሁሉ ጥንቅሽ ጥንቅሽ ይሸታል። እኛ ልጆቹ አገዳ እየሰረቅን እንመጥጣለን፤ ሞላሰሱን በጣታችን እንልሳለን። እናቴ ሸዋዬ ሆዷ ገፍቶ ስለነበር እንዳትሸከም ተከልክላ ጥላ ሥር ተቀምጣለች። አባቴ በዚያ ቀን ሲስቅ ጥርሱን ሁሉ አየሁት። እናቴን ከኔ በኋላ ሁለት ጊዜ አስወርዷት ስለነበር ይህ ልጅ የቤቱ ሁሉ ተስፋ እንደነበር አሁን ነው የምረዳው።

ጉድጓዱ ግማሽ እንደደረሰ ከኮረብታው ላይ የቅሬው ጠሪ ድምፅ መጣ።

«ያልሰማህ ስማ! ሼህ ኢዘዲን ወደ አኼራ ሄደዋል! ቀብሩ ዛሬ ነው!»

በእኛ አገር ቅሬ፣ ሌላው ዕድር የሚለው፣ ሃይማኖት አይለይም፤ ሼሁንም ቄሱንም የሚቀብረው ያው ሰው ነው። ጥሪ ከተሰማ በሬ የጠመደ ይፈታል፣ ሊጥ ያቦካች ትተዋለች። ሼህ ኢዘዲን ደግሞ ያልታረቀ ሰው የማያስተርፉ ሽማግሌ ነበሩ፤ አባቴን ራሱን በውሃ ቦይ ከተጣላው ጎረቤቱ ጋር ያስታረቁት እሳቸው ናቸው። ገጀራው ሁሉ ባንዴ ጸጥ አለ። ጉድጓዱ ውስጥ የነበሩት እየተጓተቱ ወጡ።

እታፈራሁ ጆንያዋን እንደያዘች ቆመች።

«ክፍት ጥላችሁት ልትሄዱ ነው?»

«እትዬ፣ ሼህ ኢዘዲን እኮ ናቸው!» አለ አባቴ።

«ሰምቻለሁ። ነፍሳቸውን ይማር። ያለውን ረግጠን እንሸፍነውና እንሂድ። ይሄ ክምር እንዲህ ከዋለ እሳት ሆኖ ነው የሚጠብቀን። የግብርናው ልጅ ሲናገር አልሰማህም?»

የቅሬው ዳኛ እግሩን በሳር እየጠረገ ነበር። «እታፈራሁ» አላት ቀስ ብሎ፣ «ሳር ለነገ ይደርሳል።»

«አይደርስም። እሳቸውን የሚቀብር አገር ሙሉ ሰው አለ። ይሄን የሚዘጋ ግን ማን አለ?»

አንዲት ሴት አፏን ይዛ «ኡኡቴ!» አለች። እኔ በአክስቴ አፈርኩ፤ እንደዚያ ቀን ያፈርኩበት ጊዜ የለም። አባቴ ፊቱ ጠቆረ፣ ጋቢውን አንሥቶ ወጣ። እታፈራሁ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሠረችና ጉድጓዱ ውስጥ ገባች። እናቴ እጄን ይዛ ስትጎትተኝ ዞሬ ዞሬ አየኋት፤ ከጉድጓዱ አፍ በላይ የሚታየው ጭንቅላቷ ብቻ ነበር፤ ብቅ ይላል፣ ይጠልቃል፣ ብቅ ይላል።

«ሬሳ ጥላ ሳር ትረግጣለች» ይሉ ነበር ሴቶቹ መንገዱን ሙሉ። «ወልዳ አልሳመች፣ ሞት ምን እንደሆነ በምን ታውቀው?»

ባሏን የቀበረችው ትናንት የሚባል ጊዜ እንደነበር ማንም አላስታወሰም። እኔም አላስታወስኩም።

እናቴና እኔ የሦስተኛው ቀን ሰደቃ እስኪወጣ ለቅሶው ቤት ሰነበትን። እንግዳው ብዙ ነበር፤ እናቴ ተቀምጣም ቢሆን ሽንኩርት ትከትፋለች፣ እኔ ውሃ አቀርባለሁ። እስከዚያ ድረስ ሥራ የሚነካ የለም፤ ሐዘንተኛን መናቅ ነው። አባቴ ግን ላሞቹን ሊያይ ብሎ ከኛ ቀድሞ ተመለሰ።

እኛ ስንደርስ ጉድጓዱ አፉን ከፍቷል። ላስቲኩ አጥሩ ላይ ተጥሏል። ከውጭ የቀረው የተከተከተ ማሽላ መሬት ላይ እንደተከመረ ይጨሳል፤ አባቴ በመንሽ እያነሣ ወደ ውስጥ ይጥለዋል። እጄን ክምሩ ውስጥ ብሰደው አቃጠለኝ። የጥንቅሹ ሽታ ጠፍቶ የእርጥብ ፍግ ሽታ መጥቷል። እታፈራሁ ግድግዳውን ተደግፋ ተቀምጣለች፤ እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ፣ አታግዘውም።

«እትዬ፣ ይሄን ሁሉ ቀን ምን ስትሠሪ ነበር?» አለቻት እናቴ።

እታፈራሁ አባቴን አየችው። አባቴ ቀና አላለም።

«ጠይቂው» አለች።

ጥጋቧን አየሁት። ቀብር ላለመሄድ «እዘጋለሁ» ብላ ዋሸች፣ ከዚያ ሳትዘጋው ተቀምጣ ቆየች፤ አሁን ደግሞ ለሰው በእብሪት ትመልሳለች። የጎረቤት ሴቶችም እንዲሁ ነው ያሉት። አባቴ አንድም ቃል አልተናገረባትም፤ ይህን ዝምታውን ጨዋነት ብዬ ቆጠርኩለት።

ቅሬው ተሰብስቦ እታፈራሁን አስወጣት። እሳት አይጫርላት፣ ውሃ አይቀዳላት፣ ስትሞት አይቆምላት ተባለ። የወደቀ ዛፍ ምሣር ይበዛበታል፤ ከዚያ በኋላ የሰው ዶሮ ቢጠፋ እንኳ ስሟ ይነሣ ጀመር። በዚያው ሰሞን የሼህ ኢዘዲን ልጅ ጀብሪል ሽርጡን አገልድሞ አጥራችን ድረስ መጣ። አባቴ ወጥቶ አነጋገረው። በለሆሳስ ስለነበር «አባታችን» እና «እህትህ» የሚሉትን ብቻ ነው የሰማሁት። ጀብሪል እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ብዙ ተናገረ፣ አባቴ አንገቱን ነቀነቀ። ደም ሊጠይቀን የመጣ መሰለኝና አልጋ ሥር ገባሁ።

ጥር ላይ ጉድጓዱ ተከፈተ። ከላይ ያለው ግማሽ ጥቁር ነው፤ ቦታ ቦታው ላይ ነጭ ሻጋታ እንደ ሸረሪት ድር አስሮታል፤ ሲያዩት የሚያዳልጥ፣ ሲያሸቱት የከረመ ቆዳ ነው። ከሥሩ ያለው ግን ሌላ ነበር። ወደ ቢጫ የሚያደላ አረንጓዴ፣ ክትክቱ እንዳለ የሚታይ፣ ጠጋ ሲሉት ደስ የሚል ኮምጣጣ ሽታ ያለው። አንድ ጉድጓድ እንዴት ሁለት ዓይነት ነገር እንደሚያወጣ ገርሞኝ ነበር። የጠየቅሁት ሰው የለም።

ሂሻም መጣና አፍንጫውን ያዘ። «ጋሽ ወርቁ፣ ጥቁሩን አንድም ሳያስቀሩ ይጣሉት። የታችኛው ግሩም ነው፣ እሱን ብቻ ይስጡ። ዳማ ደግሞ እርጉዝ ናት፤ በተለይ እሷ እንዳትቀምሰው።»

«እሺ» አለ አባቴ።

እሺ ይበልጣል ከሺህ ይባላል። የአባቴ እሺ ግን ሞተር ብስክሌቱ አስፋልቱ ላይ እስኪወጣ ነው የቆየው። ጥቁሩን ከቢጫው ቀላቅሎ፣ ሞላሰስ አርከፍክፎበት ገንዳው ላይ ዘረገፈው። «አገር ሙሉ ሰው የለፋበትን ልጣለው?» አለ ለራሱ። ላሞቹ መጀመሪያ አሽትተው ተዉት፤ ሲርባቸው በሉት።

አንድ ማለዳ እታፈራሁ ጆንያ ተሸክማ በጓሮ ስትወጣ አየኋትና ተከተልኳት። ገደሉ አፋፍ ላይ ጉድጓድ ቆፍራ ጆንያውን ገለበጠችው፤ ጥቁሩ ነገር ነው። አፈር መለሰችበትና በእግሯ ደበደበችው። ከንፈሯ ይንቀሳቀስ ነበር። ልጅ ነኝና መተት ከዚህ ሌላ ምን እንደሆነ አላውቅም። ስትመለስ አባቴ ባዶ ጆንያዋን እንደያዘች መንገድ ላይ አገኛት።

«መኖዬን ወዴት እየወሰድሽ ነው?»

«ወደሚገባው ቦታ።»

«ሌባ!»

«ሌባማ ብሆን የታችኛውን ነበር የምወስደው» አለችውና አልፋው ገባች። ዛሬ ሳስበው፣ ከንፈሯ ይንቀሳቀስ የነበረው እየደከማት ስታቃስት ይሆናል።

ከዚያ ነገሩ ሁሉ ተከታትሎ ወረደ። ዳማ ወሯ ሳይሞላ ጽንሷን ጣለች። ቦራ አንገቷ ወደ አንድ ጎን ተጠመዘዘ፣ ለሀጯ ይዝረበረባል፣ ግቢው ውስጥ መዞር ጀመረች። በአንድ በኩል ብቻ ትዞራለች፤ አጥሩን ትገጫለች፣ ትወድቃለች፣ ተነሥታ ትዞራለች። እግሯ የሄደበት መሬቱን እስኪልጠው ድረስ ዞረች። ሼህ ኢዘዲን በቀብራቸው ቀን ሳር ተረግጦባቸው ተቆጥተው፣ ገመድ ይዘው የሚያዞሯት ይመስለኝ ነበር። ወደ ጉድጓዱ በኩል በደረሰች ቁጥር ዓይኔን እጨፍን ነበር።

ዳማ ከጣለች በኋላም ትንሽ ወተት ነበራት። የእኛ አገር ሰው እርጉዝ ሴትን ከላሚቱ ጡት በቀጥታ የወጣ ትኩስ ወተት ያጠጣል፤ የፈላ ወተት በሽተኛ ነው የሚጠጣው። አባቴ በዚያ ቀን ራሱ አልቦ ለእናቴ ይዞላት መጣ። ወደ አፏ ስታስጠጋው እታፈራሁ ከጓዳ ወጥታ ነጠቀቻት።

«አፍይው ብዬሻለሁ! ቢያንስ አፍይው!»

እናቴ አለቀሰች። አባቴ የእታፈራሁን ሣጥን ከነልብሱ ደጅ ወረወረው።

«ለልጄ ወተት ትከለክያለሽ? አንቺ ያልወለድሽውን ሌላው አይውለድ ነው? ውጪልኝ!»

የተበተነ ልብሷን አንድ በአንድ እያራገፈች ለቀመች። በኔ በኩል ስታልፍ ጎንበስ ብላ «አንቺ ከዚህ ወተት እንዳትቀምሺ» አለችኝ። ለኔም ጨከነችብኝ ብዬ ፊቴን አዞርኩ። ወደ አስፋልቱ ወጥታ ወደ ሐራ ከተማ የሚሄድ መኪና ስትጠብቅ ከአጥሩ ሥር አይቻታለሁ፤ ማንም አልሸኛትም።

ቦራ በዚያው ሳምንት ሞተች። ወተቱን አሁን የሚነጥቃት የለም፤ እናቴ በየማለዳው ትኩሱን ትጠጣ ነበር። ብርድ ብርድ አላት፤ ከዚያ ትኩሳት ያዛት። ልጁ ወንድ ነበር፤ ሞቶ ተወለደ። በእናቴ ነጠላ ጠቅልለው ሲያወጡት እግሩ ወጥቶ አየሁት፤ ጥፍር ሁሉ ነበረው። ሴቶቹ «ዓይኗ ነው» አሉ። እናቴ «እርግማኗ ነው» አለች። እኔ ሁለቱንም አመንኩ። እናቴ ከዚያ በኋላ አልወለደችም።

ማንም የመረመረ የለም፤ ስለዚህ እንዲህ ነው ብዬ አልምልም። ግን ወልድያ ተምሬ፣ መርሳ ተመልሼ የራሴን ላሞች ከያዝኩ በኋላ የገፈራ ሥልጠና ተሰጠን። አሠልጣኙ የተበላሸ ገፈራ በላስቲክ ይዞ እያዞረ አስሸተተን። ተራዬ ሲደርስ ወጥቼ አስታወክሁ። የሠልጣኞቹ መሳቂያ ሆንኩ። ስመለስ የእንስሳት ሐኪሙ ስለ አንድ ተህዋስ እያስረዳ ነበር፤ አየር በገባው ገፈራ ይራባል፣ ላም ያዞራል፣ ያስጥላል፣ ባልፈላ ወተት በኩል እርጉዝ ሴት ጋ ይደርሳል። ማስታወሻ የሚይዙት ይይዙ ነበር። እኔ የወንድሜን እግር እያየሁ ነበር።

ሐራ ሄጄ እታፈራሁን ፈለግኋት። ባቡር ጣቢያው ሲሠራ ለሠራተኞቹ በቆሎ እየጠበሰች ትሸጥ እንደነበር ነገሩኝ፤ ሥራው ሲቆምም እዚያው ቀርታለች። አርጅታለች። የጠበሰችውን በቆሎ በጨርቅ ይዛ ሰጠችኝ።

«ላሞች አሉሽ አሉ።»

«አሉኝ፣ እቴቴ። በጦርነቱ የነበሩኝን አጥቼ እንደገና ጀምሬያለሁ።»

«ገፈራ ትሠሪያለሽ?»

«እሠራለሁ።»

«ትዘጊዋለሽ?»

«እዘጋዋለሁ።» ከዚያ ድፍረት አገኘሁና ጠየቅኋት። «ያኔ ግን ለምን ክፍት ተውሽው? እዘጋለሁ ብለሽ አልነበር?»

ፍሙን በጭራሮ ቆሰቆሰችው። «አባትሽን ጠይቂው» አለች።

አልጠየቅሁትም። እሱም አርጅቶ፣ እናቴ ከሞተች ወዲህ እኔ ጋ ነበር የሚኖረው፤ በየማለዳው ላሞቹን እየዞረ ያያል፣ ለሰው ሁሉ በስሜ «የህሊና ላሞች» እያለ ይኮራል። መልሱን ፈራሁት መሰለኝ። እታፈራሁንም መርሳ ላምጣት ስላት እንቢ አለች። ሐራም ቢሆን ቅሬ አልገባችም፤ «አንዴ የወጣሁ ነኝ» አለችኝ።

ባለፈው ጥቅምት የኔ ጉድጓድ በሚሞላበት ቀን ስልኬ ጠራ። የሐራ ጎረቤቷ ናት። እታፈራሁ ሌሊት ተኝታ አልነቃችም፤ ቀብሩ ዘጠኝ ሰዓት ነው። ጉድጓዱ ግማሽ ደርሷል። መከትከቻው ማሽን ይጮኻል፤ ክምሩ ደጅ ተቆልሏል። አባቴ በረንዳው ላይ ሆኖ ሰማ። ዱላውን አንሥቶ ወደ አስፋልቱ ወጣ።

ማሽኑ ተዘጋ። ጅጌው ሁሉ ዕቃውን እያስቀመጠ ወደኔ መጣ።

«እግዜር ያጥናሽ። በይ ልብስሽን ቀይሪና እንሂድ።»

«ይዘጋና እንሄዳለን» አልኩ።

ያን ጊዜ ያየኋቸውን ፊቶች እንደገና አየኋቸው። ሰዎቹ ሌሎች ናቸው፣ ፊቱ ግን ያው ነው። አንዷ «የገዛ አክስቷ እኮ ናት» ስትል ሰማሁ። ነጠላዬን ወገቤ ላይ አሰርኩና ወረድኩ። ብቻዬን ትንሽ እንደረገጥኩ አንድ ሽማግሌ ጫማቸውን አውልቀው ከጎኔ ወረዱ። የሼህ ኢዘዲን ልጅ ጀብሪል ናቸው።

«ማሽኑን አስነሡት!» አሉ ወደ ላይ። «ምን ትገትራላችሁ?»

ማሽኑ ተነሣ። እሳቸው ጉልበታቸውን ይዘው ይረግጣሉ፣ እኔ ከጎናቸው።

«ያኔም ለአባትሽ ነግሬው ነበር» አሉኝ እያለከለኩ።

«ምን ብለው?»

«ቤተሰቡ ተሰብስቦ ላከኝ። እታፈራሁ ላይ ቅያሜ የለንም፤ አባታችን እንኳ ቢሰሙ ‹ሥራ ኢባዳ ነው፣ አላህን ማምለክ ነው› ነበር የሚሉ፤ ለቅሬው ይሄንን ንገርልን፣ ይመልሷት አልኩት። እሺ አለኝ ወላሂ። እኛ እሱ ነግሯቸው እንቢ ያሉ መስሎን ስንት ዓመት ቅሬውን ተቀየምን።»

ያኔ ፈርቼ አልጋ ሥር ያስገባኝ ድምፅ ይህን ነበር የሚለው። ረገጥኩ፤ እንባዬ ማሽላው ላይ ይወርድ ነበር፤ እሳቸውም እንዳላዩ ሆኑ። ሞልተን፣ ላስቲኩን ዘርግተን፣ አፈሩን ጭነን ስናበቃ ባጃጅ አስፋልቱ ላይ አደረሰኝ፤ ከዚያ ሚኒባስ ያዝኩ። እግሬን እንኳ አልታጠብኩም።

ስደርስ አልቋል። መቃብሯ ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ፣ አጥሩ ጥግ ላይ ነው። ካህኑ ሄደዋል። በቆሎ ከሚሸጡት ሴቶች ጥቂቶቹና አካፋ የያዙ ሁለት ወጣቶች ብቻ ነበሩ፤ እነሱም ለመሄድ ይጣደፋሉ። አባቴ ከመቃብሩ ራቅ ብሎ ድንጋይ ላይ ተቀምጧል። እግሬን አየው፤ እስከ ባቴ ድረስ አረንጓዴ ነው።

«ዘጋሽው?»

«ዘጋሁት።»

«በደንብ ረገጣችሁት?»

«ጋሽ ጀብሪል ናቸው አብረውኝ የረገጡት።»

ስሙን ሲሰማ ዱላውን ከአንዱ እጁ ወደ ሌላው አዛወረ። ሴቶቹ ተሰናብተውን ወጡ።

«ያኔም ክፍት አልነበረም» አለ።

«ምኑ?»

«ጉድጓዱ። ከለቅሶው ስመለስ ተዘግቶ ነበር። ላስቲኩን አልብሳ፣ አፈሩን ሁሉ ብቻዋን ጭናበት፣ እጇ ተልጦ አገኘኋት። ከፊሉ ክምር ብቻ ነው ያልደረሰላት። ይጣል አለችኝ። እኔ ነኝ የከፈትኩት።»

«ለምን፣ አባባ? ለምን ከፈቱት?»

«አገር ሙሉ ወጥቶ የከተከተውን እንዴት ልጣል? ደግሞ…» መሬቱን በዱላው ጫረ። «ወንድ ሁሉ ቀብር ሄዶ አንዲት ሴት ብቻዋን ዘጋችው ሊባል ነው። ቅሬው ተሳስተሻል ብሏት ነበር። ትክክል እንዳትሆን ፈለግሁ።»

እናቴ የሞተችው እታፈራሁን እየረገመች ነው። እስከ መጨረሻዋ ሰዓት። አባቴ አልጋዋ አጠገብ ተቀምጦ እጇን ይዞ ነበር፤ ያን ሁሉ እርግማን ሰምቷል።

«ላስቲኩን ሳነሣው» አለ አባቴ፣ ለኔ ይሁን ለመቃብሩ አላውቅም፣ «ሽታው መልካም ነበር።»

እየመሸ ስለሆነ ክንዱን ይዤ ወደ መንገዱ አወጣሁት። ሚኒባሱ ውስጥ አጠገቡ ቦታ ነበር፤ እኔ ከኋላ ተቀመጥኩ።